ያልሞተ አይከፈትም

የሞላሌ ሰው ዕቃው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወዳጆ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰደበውም እዚያው ነው። «በምን መትተህ ነው እንዲህ ያደረግከው? በመጥረቢያ ነው?» ይላል፣ ገና ዕቃውን ከባለቤቱ እጅ ሳይቀበል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። የት ነው የሚያድረው? ጢስ ያገኘዋል? ልጆች ይነካኩታል? ከእጅህ ወድቆ ያውቃል? እውነቱን ተናገር! ለአንዲት የእጅ ባትሪ ይህ ሁሉ ምርመራ፤ አንዳንዱ ንስሐ የገባ ይመስለዋል። ወዳጆ ሳይጠይቅ ኤሌክትሪክ የሚለካበትን ቴስተሩን አያነሳም። ጠይቆም ቢሆን ብሎን ለመፍታት አይቸኩልም። ከሱቁ በር በላይ አልጻፈውም እንጂ ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ያልሞተ አይከፈትም።

ሙያውን ከማንም አልተማርኩም ማለት ይወዳል። ውሸቱን ነው። በደርግ መጨረሻ ሁለት ዓመት ወታደር ሳለ ከመገናኛ ክፍል አንድ ሃምሳ አለቃ ነው ገመድና ገመድ እንዴት እንደሚገናኝ ያሳየው። ወደ አገሩ ሲመለስ ከዘመድ የጠበቁት በሬ ነበር፤ እሱ ግን አንድ መፍቻና አንድ መበየጃ ይዞ ገባ። አባቱ፣ በዚህ ነው የምታርሰው ወይ ብለው ሳቁበት። ሳቃቸው ገና ሳያልቅ ነበር የአለቃ መርስዔ ኃዘን ራዲዮ የመጣለት።

ራዲዮው ድምፁ ትንሽ ይሻክር ነበር እንጂ ደህና ነበር። ወዳጆ ላሳምረው አለና ፈታው። መልሶ ሲገጥመው ጭራሽ ዝም አለ። አለቃ ክፉ አልተናገሩትም። «ልጄ፣ ሻካራውስ ይሻለኝ ነበር» ብለው ዝም ያለውን ራዲዮ ታቅፈው ሄዱ። ቢሰድቡት ይረሳው ነበር፤ ይህችን ግን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ ትንሽም ብትሆን ትንፋሽ ያለው ዕቃ ሆዱን አይቀድም። ገመድ ይቀይራል፣ ዝገት ይፍቃል፣ ከውጭ የሚደረገውን ሁሉ ያደርጋል፤ እምቢ ካለና ጨርሶ ከሞተ ብቻ መፍቻውን ያነሳል።

ስሙን ያስጠራው ግን ብርድ ነው። ያኔ ሰዉ በታኅሣሥ የራዲዮው ድምፅ ሲያንስበት፣ የባትሪ ድንጋዩ አለቀ እያለ አውጥቶ ይጥል ነበር። ወዳጆ የተጣለውን እየለቀመ ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ሲመሽ በበግ ጠጉር ይጠቀልለዋል፣ ጠዋት ራዲዮ ውስጥ ሲከተው ራዲዮው ይናገራል። «አልሞተም፤ በርዶት ነው» አለ። አገር ጉድ አለ። እውነቱንም ነበር፤ ያ ድንጋይ ብርድ ሲይዘው ይደክማል፣ ሲሞቅ ይነቃል። «ባትሪ የሚገድለው ብርድ ነው፤ ጠቅልሉት» የምትለው ቃሉ ከሞላሌ ወጥታ እስከ ዘመሮ፣ እስከ ራቤል ደረሰች። ዛሬም በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ገበሬ ስልኩን የሚያወጣው ከጠጉር ከረጢት ነው። ወዳጆ ከረጢቱ ሲፈታ ካየ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ቃል ኮርቶ ኖሯል።

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ታላቂቱ ጥሩሸዋ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ማዕረግ የሞተችው እሷ እዚያ ሳለች ነው። ያለቀሰችው በስልክ ነበር፤ እሱንም እመቤቲቱ እንዳትሰማት አፏን በጨርቅ ይዛ። ወዳጆ ያን ለቅሶ ሰምቷል። ስለዚህ ታናሺቱ መሲ ፓስፖርት ያወጣች ዕለት እህል አልቀመሰም።

መሲን ክፉ ልጅ አትበሉብኝ። ደብረ ብርሃን የሕንፃ ንድፍ ተምራ፣ በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ሞላሌ ተመልሳ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ስታመላልስ ጫማዋ አለቀ። ነገ ነይ ይሏታል፤ ነገ ስትሄድ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ! በመጨረሻ፣ ሰው የሌለው ሰው እዚህ አገር ሥራ አያገኝም አለችና ዓረብ አገር ለመሄድ ፎርም ሞላች።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ያለ አንድ የንድፍ ድርጅት፣ ባሉበት ሆነው በኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎች እፈልጋለሁ ያለውን ማስታወቂያ ያገኘችው። ሥራው ያልተሠራን ሕንፃ እንደተሠራ አድርጎ በኮምፒውተር ማሳየት ነው፤ በሩ ሲከፈት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ሁሉም። ሞላሌ ተቀምጣ፣ አባቷ ቤት እየበላች፣ የአዲስ አበባ ደመወዝ! ለዚህ ግን ተራ ኮምፒውተር አይበቃም። የትምህርት ቤቱም የወረዳውም ፕሮግራሙን ሲከፍቱባቸው ይደርቃሉ። ጥሩሸዋ ይህን ስትሰማ የአሠሪዋ ልጅ ጌም ሲጫወትበት የነበረውን ላፕቶፕ በደመወዟ ገዝታ፣ ሰው አስይዛ ላከች። ለጌም የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ለጉድ ነው፤ ክብደቱም እንደዚያው። ቁልፎቹ ሥር ቀይ መብራት ይበራል፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል። በስልክ፣ «መሲ እዚህ እንዳትመጣ ነው አባዬ፤ እኔ እበቃለሁ» አለች።

ፈተናው የታኅሣሥ የመጨረሻው ሐሙስ ነው። እስከዚያ ሁለት ወር አለ። መሲ ካለፈች እቤቷ ትቀመጣለች፤ ከወደቀች ፓስፖርቱ ሳጥን ውስጥ አለ። ወዳጆ ይህን ሌት ተቀን ያስበው ነበር።

ለላፕቶፑም ያላደረገው የለም። ማዕረግ በሕይወት ሳለች ከራሳቸው ጥቁር በጎች ጠጉር ፈትላ ያሠራችው ባና ነበረ፤ ከሞተች ወዲህ ማንም አልለበሰውም። ያን አወጣው። ቀዝቃዛ እንጨት ላይ እንዳይቀመጥ ብሎ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈለት። መሲ ሥራ ስትጨርስ ደግሞ ክዳኑ ብቻ ተከድኖ፣ ሳይጠፋ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ በቀረው ግማሽ እንደ ሕፃን ይጠቀልለዋል። መሲ መጀመሪያ ሳቀችበት። እማዬን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልብሰዋት ያውቃሉ ወይ አለችው። ነገሩ ነካው፤ ሳቂ አንቺ፣ ባትሪ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂ ብሎ አለፈው። እሷም የወዳጆ ልጅ ናት፤ ስልኳን በጠጉር ከረጢት ስታሳድር ነው ያደገችውና ተወችው።

የመጀመሪያው ወር ደስ የሚል ወር ነበር። መሲ ለልምምድ ብላ የአባቷን ሱቅ ሠራችው፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ መስኮቱ ባለ መስታወት፣ ውስጡ መደርደሪያ በመደርደሪያ። ወዳጆ መነጽሩን አድርጎ አየ። ትንሽ አሰፊው አላት። አሰፋችው። በረንዳ ጨምሪበት አለ። ጨመረች። ከዚያ ሰውየው የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ ባለሱቁ ማለቱ ነው። መሲ አንድ ኮት የለበሰ ሰው በር ላይ አቆመችለት። ይህን ሥዕል በስልኩ አንስቶ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ሰነበተ።

በሁለተኛው ወር መግቢያ ላይ ነገሩ ጀመረ። መሲ ከባድ ሥዕል ስታሠራው ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ ባትሪው ከመቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ አርባ ሲደርስ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ድርግም! የሠራችው ሁሉ ገደል ይገባል። ቆይታ ስትከፍተው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ወዳጆ ሱቁን ዘግቶ መጣ። የገዛ ልጁን እንደ ሌላው ደንበኛ አስቀምጦ መረመራት። ሲጠፋ ምን እየሠራሽ ነበር? ገመዱን ረግጠሽዋል? ውሃ ነክቶታል? ሁሉንም መለሰች። ከዚያ በተራ በተራው ያዘ፤ በዚህ እንኳ አይታማም። መጀመሪያ የግድግዳውን ሶኬት ለካ፤ መብራቱ ሲመሽ እንደሚደክም ያውቃልና በመሃል ኃይሉን የሚያስተካክል ስታብላይዘር አስገባ። ድርግም ማለቱ አልቀረም። ቀጥሎ የቻርጀሩን ጫፍ ለካ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ቮልት ይሰጣል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጠፈ እያቃና ፈተሸ፤ አልተቆረጠም። የሚሰካበትን ቀዳዳ በጥጥና በአልኮል ጠረገ። በመጨረሻ ቻርጀሩን ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ሠላሳ እስኪቆጥር ተጭኖ ያዘው፤ ውስጡ ተጠራቅሞ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይፍሰስ ብሎ ነው። ሲያበራው ላፕቶፑ ሦስት ቀን እንደ ደህና ሠራ። ሦስት ቀን ወዳጆ ደረቱን ነፋ፤ ለሱቅ ጎረቤቶቹ ሁሉ አወራ። በአራተኛው ቀን ድርግም!

እንግዲህ ምን ቀረ? መብራቱ ደህና፣ ቻርጀሩ ደህና፣ ገመዱ ደህና። የቀረው ባትሪ ነው። ባትሪ የሚገድለው ደግሞ ምን እንደሆነ ለወዳጆ የሚነግረው የለም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጭቶ ነው የሚነጋው። በቃ፣ በርዶታል አለ። ባናውን ለሁለት አጥፎ አነጠፈለት፤ እየሠራች እያለችም ጎንና ጎኑ እንዲሸፈን ዙሪያውን ሰበሰበው። በባሰበት ቁጥር ይጨምርለታል።

አብዱልሰመድ የሚባል ነጋዴ በገበያ ቀን ከቆላ ይመጣል፤ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የስልክ ልባስ ይሸጣል። ወዳጆ ዕቃ የሚገዛው ከእሱ ነው፤ ይሰዳደባሉ፣ ይዋደዳሉ። ለላፕቶፑ አዲስ ባትሪ እንዲያፈላልግለት ብሎ ነጋዴውን እቤቱ ወሰደው። አብዱልሰመድ ላፕቶፑ ባና ላይ ተኮፍሶ ሲያየው ሳቀ፤ ከዚያ እጁን ባናው ሥር ሰደደና ሳቁን ተወ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ይሄ የጌም ላፕቶፕ እኮ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ይነዳል። እኛ ቆላ በማራገቢያ ነው የምናቀዘቅዘው። ሆዱ ሥር ወንፊት አለው፣ የሚተነፍሰው በእሱ ነው። ባናውን ያንሱለት፤ ከፍተውም ይዩት» አለው።

ወዳጆ ከት ብሎ ሳቀ። ቆለኛ መጥቶ ስለ ብርድ ያስተምረው! ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ባናውን አንሳ የሚል ሰው! የሞቀው እኮ ባናው ስላሞቀው ነው፣ ደግ አደረገ አለ። አብዱልሰመድ አልተከራከረም፤ ባትሪውን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፣ ነገር ግን ለፈተናው አይደርስም ብሎ ወጣ። ወዳጆ ያን ቀን ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ይህን ወሬ ሲያስቅበት ዋለ።

መሲ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ስልኳ ላይ ፈልጋ ቪዲዮ አመጣችለት፤ አንድ ፈረንጅ እንደዚሁ ያለ ላፕቶፕ ፈቶ ከማራገቢያው አቧራ ሲጠርግ ያሳያል።

«አባዬ፣ ይክፈቱልኝ» አለችው።

«በሕይወት ያለውን?»

«ፈተናው አምስት ቀን ነው የቀረው።»

«ለዚያ ነዋ የማልከፍተው» አላት። ያ አቧራ የእነሱ አገር ነው፣ መንዝ ብርድ እንጂ አቧራ የለውም አለ። ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነበር። ብሎኖቹ ከተልባ ፍሬ አይበልጡም፤ የአለቃ ራዲዮ ትዝ ብሎታል። ፈራሁ ቢላት ኖሮ ደብረ ብርሃን ወስዳ ታስከፍተው ነበር፤ በአንድ ቀን ደርሳ ትመለስ ነበር። ወዳጆ ግን ፈራሁ የሚል ምላስ አልተፈጠረለትም። እሷም የአባቷን ቃል መጣስ አልለመደችም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በፈተናው ዋዜማ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ጣት የሚሄድበት መዳሰሻውም ከቦታው ከፍ ብሎ ሲጫኑት እምቢ ይላል። መሲ፣ ሆዱ ያበጠ መስሎኛል አለች። ወዳጆ ጎንበስ ብሎ አየና ጠረጴዛውን ነቀነቀው። ጠረጴዛው ነው የተዛነፈው አለና ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር ሸጎጠ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ፈተናው ተከፈተ። ባለ ሦስት ፎቅ ጤና ጣቢያ ንደፉ ነው የሚለው፤ እስከ ሰባት ሰዓት አልቆ፣ ሥዕሉ ወጥቶ መላክ አለበት። ወዳጆ ሱቁን አልከፈተም። ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ በእጁ ያባርራል። የጎረቤት ዶሮ ብትጮህ ዶሮዋን ይሰድባል።

እስከ አምስት ሰዓት ጥሩ ነበር። በመስኮት ሲያይ ሕንፃው ቆሟል፤ ደረጃው አልቋል፣ ደጃፉ ላይ ጥድ ሳይቀር ተክላለች። ልቡ ሞቀ። እንዲያውም ገባ ብሎ ባናውን ወደ ላፕቶፑ ጎን ሰብሰብ አደረገለትና ወጣ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን ሥዕል እንዲያወጣ ስታዘው ማራገቢያው አጓራና ድርግም አለ። አስነሳችው፤ ከግማሽ ጀመረች። ስድስት ሰዓት ላይ ድርግም። አስነሳችው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲጠፋ ግን አልተነሳም፤ ቀዩ መብራት እንኳ አልበራም። መሲ ቁልፉን ተጭና፣ እሱ እንዳስተማራት፣ ሠላሳ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ድምፅ አውጥታ ስትቆጥር በርጩማው ላይ ሆኖ ይሰማታል። ሰባት ሰዓት ሲሞላ ተነሥታ በጓሮ በኩል ወጣች።

እንግዲህ ሞተ፤ የሞተ ደግሞ ይከፈታል። ወዳጆ መፍቻውን አምጥቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም፤ አምስት ቀን ሙሉ የፈራው ነገር የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየው ባትሪውን ነው፤ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ መዳሰሻውን ወደ ላይ ገፍቶታል። ከዚያ ማራገቢያዎቹን ፈለገ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አይታዩም። ጥቁር ጠጉር ጠቅጥቋቸዋል፤ ጠጉሩም በሙቀት ተጋግሮ እንደ በርኖስ ጠንክሯል። በወረንጦ ይዞ ሲስበው መዳፉን ሞላው። አወቀው። ከየትኛው በግ እንደተሸለተ፣ ማን እንደፈተለው ያውቃል። ብርድ አልነበረም። አንድም ቀን ብርድ አልነበረም። ላፕቶፑን በገዛ እጁ፣ በሚስቱ ባና፣ አፍኖ ገደለው።

እዚያው ቢናገር ጥሩ ነበር። ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ልጄ፣ እኔ ነኝ ቢላት ታለቅስ ነበር፣ ትቆጣው ነበር፣ ያልፍ ነበር። ምን ያደርጋል! የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ጠጉሩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። መሲ ገብታ የተነፋውን ባትሪ አየች። ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችው።

«ባትሪው ድሮውኑ የተበላ ነው። የሰው አሮጌ ነው የላከችልን» አላት።

እንዲህ ነው ያለው፤ የአብዬን ወደ እምዬ። መሲ ባትሪውን አየች፣ ማራገቢያዎቹን አየች። አንድ ቅንጣት አቧራ የለባቸውም። መልሳ ወጣች።

ሌላ ቀን እንዲሰጧት ለድርጅቱ ጻፈች። ተፈታኙ ብዙ ነው፣ ለወደፊቱ መልካም ዕድል እንመኝልዎታለን የሚል መልስ መጣላት። እሑድ ጥሩሸዋ ስትደውል ስልኩን ያነሳው ወዳጆ ነው። ለእሷም ያንኑ ነገራት። እሷም ይቅርታ ጠየቀችው። ሲሠራ አይታ ነበር የገዛችው፤ አሮጌ ባትሪ መሆኑን አላወቀችም፤ አታለሏት። በእኔ የተነሳ ነው እያለች፣ እናቷ የሞተች ዕለት እንዳለቀሰችው፣ አፏን አፍና አለቀሰች። ወዳጆ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ አላት። አጽናናት! ሰው በገዛ ልጁ እንዲህ ይጨክናል? መሲ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

በጥር መጨረሻ አብዱልሰመድ አዲሱን ባትሪ አመጣ። ወዳጆ ገጠመው። ላፕቶፑ ያለ ባና፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከባድ ሥዕል ሲያወጣ ዋለ፤ አንዴም ድርግም አላለም። ወዳጆ እየሮጠ መሲን ጠራት። ይኸው ዳነ፣ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትንሽ ታገሺ ብሎ ለመናት። ዕድሜ ልኩን ሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው ለመነ። መሲ ላፕቶፑን በእጇ ዳሰስ አደረገችው፤ ቲኬቱ ተቆርጧል አባዬ ብላ ወደ ልብስ እጥበቷ ተመለሰች። በዚያ ሳምንት ቤቱን ገለባበጠችው፤ ግድግዳውን ለቀለቀች፣ የአባቷን ልብስ አንድ ሳታስቀር አጠበች።

የሄደችበት ጠዋት መናኸሪያው ውርጭ ነበር። ወዳጆ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። አውቶቡሱ ሞተሩን እስኪያሞቅ ሁለቱም ስለ መንገዱ፣ ስለ ስንቁ፣ ስለማይረባው ሁሉ አወሩ። ልትወጣ ስትል ነው ወደ እሱ የዞረችው።

«ባናውን አራግፌ ሳጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ» አለች። «ኮትዎንም አጥቤዋለሁ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ።»

ወዳጆ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ባዶ ነው።

«ለእኔ ብለው እንደጠቀለሉት አውቃለሁ፤ በዚያ አልቀየምዎትም። ጥሩሸዋን ግን ይንገሯት። እኔ ልነግራት ነበር፤ ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የተውኩት።»

እሺ አላት። መሲ ጉልበቱን ስማ ገባች። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ሲታጠፍ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘች፤ እሱም አወዛወዘ። እቤቱ ሲመለስ ጠጉሩ መስኮቱ ላይ በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በሚቀጥለው ገበያ ወዳጆ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ተናገረ። መጠቅለል ለድሮው ድንጋይ ነበር፤ የዛሬ ባትሪ ሌላ ነው፤ ላፕቶፕማ እስትንፋስ ይፈልጋል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለ። አብዱልሰመድን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ሰዉ አዘነለት እንጂ አላመነውም። ሁለቱም ልጆች ሄደውበት እኮ ነው ተባባለ። ይታየው የሚባል ገበሬ ስልኩ ቻርጅ አልይዝ ብሎት መጥቶ ነበር፤ ወዳጆ መሰኪያውን ጠርጎ ሰጠውና ከእንግዲህ ከረጢት ውስጥ እንዳይከተው አስጠነቀቀው። ይታየው ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት ሰማ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጠጉር ከረጢቱ መለሰና አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠረው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን፣ አባቴም በዚሁ ነው የኖሩት ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ለሞላሌ ሰው ሁሉ ተናግሯል። ለጥሩሸዋ ግን አልተናገረም። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ በደወለች ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጠብቃል። እሷ ቀድማ የመሲን ወሬ ታመጣለች። ያለችው ከእሷ ከተማ ሩቅ ነው፤ አሠሪዎቿ ስልክ የሚሰጧት በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ እጇን ሳሙናው ልጦታል፣ ይለምዳል። ቀጥላ ያንን ላፕቶፕ ታነሳለች። አስመርምራ ብትገዛው ኖሮ እህቷ እዚህ አትመጣም ነበር፤ ሁሉም በእሷ ነው። ይህን ሳትል የዘጋችበት እሑድ የለም።

ያለፈው እሑድ በእውነት ሊነግራት ነበር። «ጥሩዬ፣ ስሚኝማ» ብሎ ጀምሮም ነበር። ስልኩ ተቆራረጠባት።

«ባትሪዎ ሊያልቅ ነው እንዴ አባዬ?» አለችው። «ብርዱ እኮ ነው። ሲመሽ በእማዬ ባና ጠቅልለው ያሳድሩት እንጂ፤ ሰው እያስተማሩ ለራስዎ ይረሳሉ?»

ወዳጆ መስኮቱ ላይ ያለውን ፌስታል እያየ ቆመ።

«እሺ ልጄ፤ እጠቀልለዋለሁ» አላት።